የሃምሳ አለቃው ደብተር

(ይህ ንግግር በመቱ ከተማ በተደረገ የመታሰቢያ ስብሰባ ላይ የሟቹ አሳዳጊ ልጅ ያሰማችው ነው። ቤተሰቡ በጠየቀው መሠረት የሟቹም ሆነ የተናጋሪዋ ስም አልተጻፈም።)

 

ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩውን ብቻ መናገር ልማዳችን ነው። እኔ ግን አባባን እንደ መልአክ አድርጌ ባወራላችሁ፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል በሆዳችሁ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አባባ ሃምሳ አለቃ ከጎረቤታቸው ጋር በአንድ የቡና ወሰን ምክንያት አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ሰው ናቸው። ያ ጎረቤት ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከማናችንም በላይ እያለቀሱ ነው። ወሰኑ እስካሁን አልተለካም። ምግብ ከተረፈ፣ መብራት ሳይጠፋ ከታደረ፣ ልጅ ሳይጠራ ከዘገየ ቤቱ ይናወጥ ነበር። ከጦር ሜዳ ከተመለሱ ስድሳ ዓመት አልፎም ጫማቸውን የሚያወልቁት አልጋው ሥር፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። እኛ ልጆች በዚያ እንስቅ ነበር፤ እናታችን ግን አትስቅም ነበር።

እንደምታውቁት እኔ ከአብራካቸው የተከፈልሁ አይደለሁም። ወደዚህ አገር የመጣሁት በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከራያና ቆቦ አውራጃ፣ በስድስት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ዛሬ እንድናገር ታላላቆቼ ሲመርጡኝ እንቢ ብዬ ነበር። እነርሱ ግን «እኛ አባታችን አድርጎ እግዚአብሔር ሰጠን፤ አንቺን ግን ራሳቸው መርጠው ወሰዱሽ፤ ስለዚህ አንቺ ተናገሪ» አሉኝ። እነሆ ቆሜአለሁ።

አባባ የተወለዱት በ1922 ዓ.ም. ከጎሬ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ያን ጊዜ ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ነበረች፤ የኢሉባቦር ቡናም በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ እየወረደ በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። አባታቸው በዚያ መንገድ በቅሎ የሚነዱ ሰው ነበሩ። ማይጨው ላይ ጦራችን ከተፈታ በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ልዑል ራስ እምሩ በጎሬ ተቀምጠው የቀረውን መንግሥት ለመያዝ ሲሞክሩ የአባባ አባት ስንቅ ጫኝ ሆነው ጦሩን ተከተሉ። በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጣሊያን ጎሬ ገባ። አቡነ ሚካኤልን በዚያው በጎሬ ረሸናቸው። ራስ እምሩም ወደ ደቡብ አፈግፍገው በታኅሣሥ ወር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። በቅሎ ነጂው ግን የት እንደ ቀሩ የነገረን የለም። ከትልልቆቹ ጋር የተማረኩት ስማቸው በየመጽሐፉ አለ፤ ስንቅ የጫኑት ሰዎች ስም በማንም ዘንድ አልተጻፈም። ይህን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ትረዱኛላችሁ።

የሰባት ዓመቱ ልጅ እናቱን ይዞ አደገ። በ1933 ዓ.ም. ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራ በሳዮ፣ ማለት በደምቢዶሎ፣ እጁን ሲሰጥ፣ ያንን ያደረጉት ከቤልጅግ ኮንጎ በእግርና በወንዝ የመጡ ጥቁር ወታደሮች መሆናቸውን አባባ ደጋግመው ያወሩን ነበር። «የማናውቃቸው ሰዎች ከሩቅ መጥተው ሞቱልን» ይሉ ነበር። እርሳቸውም በ1941 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወጥተው በክቡር ዘበኛ ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እንደ ዛሬው በአንድ ቀን የሚያልቅ አልነበረም።

የኮሪያን ጦርነት ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለወጣቶቹ ያህል በአጭሩ ልናገር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ጩኸው ሰሚ አጥተው ነበር። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. ኮሪያ ስትወረርና የተባበሩት መንግሥታት ርዳታ ሲጠይቅ፣ ኢትዮጵያ ለእርሷ ያልተደረገላትን ለሌላው ለማድረግ ወሰነች። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ስሙም ከራስ መኰንን የጦር ፈረስ ከአባ ቃኘው የተወሰደ ነው። በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ሳምንታት ተጉዘው ይደርሳሉ። አባባ የሄዱት ከሦስተኛው ቃኘው ጋር በ1945 ዓ.ም. ነው፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ከአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው ነበር። በጦርነቱ 121 ሰዎቻችን ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል። የተማረከ አንድም ሰው እንደሌለ፣ አስከሬንም ጥለው እንዳልመጡ ዘማቾቹ ሁሉ በኩራት ይናገራሉ። አባባም በኩራት የሚናገሩት ይህንኑ ብቻ ነበር። ስለ ተኩሱ ቢጠየቁ፣ «ብርድ ነበር» ብለው ወሬውን ይለውጡ ነበር።

አንድ ነገር ግን ነገሩኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ፎቶግራፍ አገኘሁ፤ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ቀጭን ወታደር ሁለት የኮሪያ ሕፃናት አቅፎ ቆሟል። «እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና ነገሩኝ። በ1945 ዓ.ም. ሐምሌ 20 ቀን ተኩስ ካቆመ በኋላ፣ በየጦር ሠፈሩ አጥር ዙሪያ ባዶ ጣሳ ይዘው የሚቆሙ ልጆች ነበሩ። ወታደሮቹ ከራሽናቸው ያካፍሏቸዋል። አንዱ ልጅ የአባባን ድንኳን ለይቶ ያውቃል፤ እናቱን በጉም ሌሊት ከመንገድ ዳር አጥቷት የቀረ ነው። «ውጊያው እየደበዘዘብኝ ነው» አሉኝ፣ «የዚያ ልጅ ጣሳ ግን ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ አሁንም ይሰማኛል።»

የቃኘው ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ለእነዚህ ወላጅ አልባ ልጆች ቦሁዎን የተባለ ማሳደጊያ አቋቋሙ፤ ከደመወዛቸው እያዋጡም ረዱት። የኢሉባቦር፣ የጎጃም፣ የሸዋ ገበሬ ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የዕርዳታው ሥራ ደጋፊዎች በየወሩ ከደመወዛችሁ ቀንሳችሁ ለማታውቁት ልጅ ትከፍላላችሁ። ይህ አሠራር ራሱ የበቀለው ከዚያው ከኮሪያ አፈር መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? ዎርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ አንድን ልጅ ከአንድ ደጋፊ ጋር የማገናኘቱን ሥራ በ1953 ዓ.ም. የጀመረው በኮሪያ ወላጅ አልባዎች ነው። ኮምፓሽንም በ1952 ዓ.ም. የተነሣው በእነዚያው ልጆች ምክንያት ነው። የእኛዎቹ ወታደሮች መዋጮ በዚያው ጊዜ፣ በዚያው አገር የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ስለ እርሱ ብዙ አልተጻፈለትም።

አባባ በ1946 ዓ.ም. ተመለሱ፣ በ1947 ዓ.ም. እናታችንን አገቡ። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ 4 ቀን የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ፣ ተራው ወታደር የሆነው ነገር ሳይገባው ትእዛዝ ተቀብሎ ወጣ። ሲከሽፍ የታሰረው ታሰረ፣ የተበተነው ተበተነ። አባባም ጥቂት ወራት ታስረው ከሥራ ተሰናበቱ። ጡረታ የለ፣ ምስጋና የለ። አንድ ብርድ ልብስና ሁለት ኒሻን ይዘው ከሚስታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር መቱ ገቡ። በሶር ወንዝ በኩል ከዘመድ መሬት ተቀብለው የጫካ ቡና መለቀምና ቀፎ መስቀል ጀመሩ። ከዛፍ ላይ ማር ሲያወርዱ የወደቁት ሁለት ጊዜ ነው። በሰላም አገር ያገኙት ጉዳት በጦር ሜዳ ካገኙት ይበልጣል እያለች እናታችን ትቀልድ ነበር።

ከሁለቱ ኒሻኖች አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ነው። ይህ ኒሻን በየተዋጊው አገር ቋንቋ የተሠራ ስለ ሆነ በእኛው ላይ በራሳችን ፊደል «ኮሪያ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን ያ ቃል የሚያስፈራ ሆነ። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበርና በደቡብ በኩል የተዋጋ ሰው ደረቱን ሊነፋ አይችልም። አባባ ኒሻኖቹንና ፎቶግራፉን በቅል አድርገው ጎተራ ውስጥ፣ ከዘር በቆሎው ሥር ቀበሯቸው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ እዚያው ነበሩ፤ እኔ ፎቶግራፉን ያገኘሁት ቅሉ ወጥቶ በተከፈተ ሰሞን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኃብ ሲጸና መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። ከመጡት መካከል ወድዶ የመጣም አለ፣ ተገድዶ የመጣም አለ። ከቆላውና ከጫካው ወባ ጋር የማያውቀው ደገኛ እንደ ቅጠል ረገፈ። የኢሉባቦር ገበሬም የራሱን ሥራ ትቶ ለሠፋሪው ጎጆ እንዲሠራ በገበሬ ማኅበሩ ታዝዞ ነበር። ብዙው ሰው አጉረመረመ፤ አባባም ካጉረመረሙት አንዱ ናቸው። ክዳን ሣር ተሸክመው ከሠፈራ ጣቢያችን ሲደርሱ እናቴና አባቴ ከሞቱ አሥር ቀን ሆኗቸው ነበር። አያቴ ብቻ ነበረች፣ እርሷም በትኩሳት ተይዛ ከጎጆው ማዕዘን ተኝታለች። እኔ የዱቄት ወተት የነበረበትን ባዶ ጣሳ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር።

አባባ ያን ዕለት ሣሩን ጥለው ሄዱ። በማግሥቱ ማርና የተቀቀለ በቆሎ ይዘው መጡ። እንዲህ ሲመላለሱ አያቴ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች፤ እርሳቸው ናቸው ከሌሎች ሰዎች ጋር የቀበሯት። ከዚያ በጋቢያቸው አዝለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። በር ላይ ስንደርስ ለሚስታቸው የሚሉት ጠፋባቸው። እማማ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ዝም ብለህ ምን ትገተራለህ? መጀመሪያ ፀጉሯን ላጫት፤ ቅማሉ ለሌሎቹ እንዳይተርፍ» አለች። የተቀበለችኝ በዚህ ቃል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ውይይት አልተደረገም። አምስት ልጆች ነበሯቸው፣ ስድስት ሆንን።

የበኩር ልጃቸው፣ ለእኔ ጋሼ የምለው፣ ጫማ ማሰር ያስተማረኝ እርሱ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየዙሩ ወጣት ይሰበሰብ ነበር፤ ጋሼም በ1978 ዓ.ም. ተወሰደ። አባባ ያን ዕለት አላለቀሱም። ካልሲውን ብቻ አገላብጠው አይተው፣ «እግርህን አድርቅ፣ እግር ከረጠበ ሰው አይደለህም» አሉት። ለልጃቸው የሰጡት የውትድርና ትምህርት ይኸው ነው። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ የመጨረሻው ከሰሜን፣ ከናደው ዕዝ ነበር። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ ተደመሰሰ። 14ኛ፣ 19ኛና 21ኛ ክፍለ ጦሮች እዚያ ነበሩ። ራዲዮው በጊዜው የነገረን ጥቂት ነው። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ። ለእናት ለአባት ከዚህ የሚከፋ አለ ብዬ አላምንም። ሞት ቢሆን ለቅሶ ይቀመጡበታል፤ ጎረቤት ይመጣል፤ ቀን ያልፋል። ይህ ግን በየምሽቱ በር ሲንኳኳ አዲስ ይሆናል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ሠራዊት ተበተነ። ክረምቱን በሙሉ ወታደሮች በየመንገዱ ነበሩ። ዩኒፎርማቸውን በጆንያ የለወጡ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ አፍረው ፊታቸውን የሚሸፍኑ ነበሩ። «የደርግ ወታደር» እየተባሉ የሚሰደቡበት ጊዜ ነው። አባባ የዚያን ጊዜ 61 ዓመታቸው ነበር። በየማለዳው አንድ ድስት ንፍሮ አስቀቅለው፣ አንድ ጀበና ቡና አስይዘውኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ ጠርተው ያበላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ስምህ ማን ነው? አገርህ የት ነው? ክፍለ ጦርህ ስንተኛ ነው?

እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ የልጃቸውን ወሬ የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይፈልጉ ነበር። ከ19ኛ ክፍለ ጦር ነኝ ያለ አንድ ሰው ሲመጣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ቡናውን አፍስሰውታል። ሰውየው ጋሼን አያውቀውም። እግሩ በጥይት የተበላሸ ነበርና ቤታችን ስምንት ወር ተኛ፤ እማማ በየቀኑ በጨው ውኃ አጠበችለት። አገሩ ጋሞ ጎፋ ሲገባ ለመሄጃ የተሰጠው ገንዘብ የዚያን ዓመት ማር የተሸጠበት ነው፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት ደብተር ያጣነው በዚህ ምክንያት ነው። አኩርፈን ነበር፤ አባባም ኩርፊያችንን ምንም አላሉትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ግን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ መልካም ዘመን ነበርና። ልጆች ተማሩ፣ አገቡ። እኔም ነርስ ሆኜ እዚሁ መቱ ሥራ ያዝሁ። የቃኘው ዘማቾች ተፈልገው ማኅበራቸው ቆመ፤ በአዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ መታሰቢያ ተሠራላቸው። የኮሪያ ሰዎችም ውለታውን አልረሱም፤ ብዙዎቻችሁ ኮሪያ ሆስፒታል የምትሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. በኮሪያ ምእመናን የተከፈተው ሆስፒታል፣ ዘማቾችን ያክማል። አባባ ለዓይናቸው ሁለት ጊዜ ሄደዋል። አንዲት ወጣት ኮሪያዊት እጃቸውን ይዛ ስታለቅስ ግራ ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ብለው በአማርኛ ጠየቋት።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ከኤርትራ ጋር ዕርቅ ሆኖ ስልክ ሲከፈት፣ የ88 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ ዘመዱን እያገኘ ሲያለቅስ በቴሌቪዥን ያያሉ። አንድ ማታ ጠሩኝና፣ «እስቲ ወደዚያ ደውዪ» አሉኝ። «የማንን ቁጥር ልደውል፣ አባባ?» አልኋቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «እውነትሽን ነው፣ ቁጥር የለንም» አሉ። እማማ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ዐርፋ ነበር።

እርሳቸውም በ2015 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕቃቸውን ስናነሣ ከቅሉ ጋር አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር አገኘን። የመናኸሪያው ደብተር ነው። ማታ ማታ ሲጽፉ እናያቸው ነበር፤ የማር ሒሳብ ይመስለን ነበር። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያበሏቸው ወታደሮች ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፣ ክፍለ ጦር ተጽፏል፤ ለአንዳንዱም «ሳል አለው»፣ «እናቱ በሕይወት አለች»፣ «ወደ ጋምቤላ ሄደ»፣ «ስሙን አልናገርም አለ» የሚል ማስታወሻ አለበት። 412 ስም ቆጥረናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የወታደር ስም አይደለም ያለው። የበቅሎ ነጂው አባታቸው ስም ነው፣ «1929፣ ከጎሬ ወጣ» ይላል። ከሥሩ የጋሼ ስም አለ፣ «1980፣ አፍአበት» ይላል። ሞተ አይልም።

ስለዚህ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገርና ልቀመጥ። ደብተሩ በቤታችን ነው። ከዚህ አገርም ሆነ ከሩቅ፣ በ1983 ዓ.ም. በመቱ በኩል ያለፈ ወንድም፣ ልጅ ወይም ባል ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይይ፤ መምጣት የማይችል በቤተ ክርስቲያን በኩል ይላክብን፣ ገልብጠን እንልካለን። የአባባ እጅ ጽሑፍ በተለይ ከመስከረም ወዲህ ያለው ለማንበብ ያስቸግራል፤ ታናሽ ወንድሜ ግን ይለየዋል። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት አለ፤ ቡናም ይፈላል።